ካባ የለበሰው ግድብ

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገዱን ባሳያችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ትመለሱና "ምነው፣ ይኸማ የእኛው ሰፈር አይደለም ወይ?" ብላችሁ ትቆጡኛላችሁ። ስለዚህ "ያ አገር" እንበለውና እንለፈው። ያ አገር ተራራ አለው። ከተራራው የሚወርድ ወንዝ አለው። ወንዙ ላይ አያቶች በድንጋይና በአፈር የሠሩት አንድ ትንሽ ግድብ አለ። ከግድቡ ሥር ደግሞ የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት አለ። የእኔ ነገር የዚች ሴት ቤት ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርት እያበቀለች የምትኖር ሴት ናት። ቤቱን ከሟች ባሏ ጋር ነው የሠሩት፤ እሱ ምሰሶ አቆመ፣ እሷ ጭቃ መረገች። ሲሞት የተረፋት ያ ቤትና ያ ማሳ ብቻ ነው። ምላሷ አይጣል ነው። ጎረቤቶቿ "ደብሪቱን ከማናገር ነጭ ሽንኩርቷን በጥሬው መቆርጠም ይቀላል" ይሉ ነበር። እኔ ግን እወዳታለሁ፤ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ድሮ ግድቡን የአገሩ ሰው ራሱ ነበር የሚይዘው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ውሃው ጎድሎ የግድቡ ደረት ሲገለጥ፣ ሕዝቡ በደቦ ይወጣል። ጥቁር ዋልካ አፈር ያመጣል፣ በእግሩ ያቦካል፣ የተሰነጠቀውን ይመርጋል። ደለሉን ይዝቃል። በግድቡ ጎን ያለውን ማስተንፈሻ፣ ሞልቶ የተረፈው ውሃ ግድቡን ሳይነካ የሚወጣበትን ሰፊ ቦይ ማለቴ ነው፣ አጥርቶ ይጠርጋል። ከዚያ ጠላውን ጠጥቶ፣ ተሰዳድቦ፣ ታርቆ ይገባል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አንድ ዓመት አዲስ የተሾሙት የአገሩ ጌታ በዚያ ሲያልፉ ሕዝቡን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አዩት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አሉ።

"ግድቡን እየጠገኑ ነው፣ ጌታዬ" አላቸው አንድ አጃቢ።

ጌታው ፊታቸውን ቋጠሩ። "የሚጠገን የተሰበረ ነገር ነው። በእኔ ዘመን የተሰበረ ነገር አለ?"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አዎ፣ እነሱም ዝም አሉ። ሁሉም ጭቃ የነካ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፦ "ጥገና" የሚለውን ቃል ማንም ከአፉ እንዳያወጣ፤ የጥገናውም ቀን ከእንግዲህ "የምስጋና ቀን" ይባል፤ ሕዝቡ በዚያ ቀን ንጹሕ ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ፣ ግድቡን ያመስግን ተባለ። ሕዝቡ አመሰገነ። ምስጋና ደግሞ ከጭቃ ይቀላል፤ እውነቱን እንነጋገር።

ለግድቡም ሹም ተሾመለት። ንጉሥ አፈ ንጉሥ እንዳለው ግድቡም "አፈ ግድብ" ይኑረው ተባለ። ሥራው ስለ ግድቡ ለሚጠይቅ ሁሉ በግድቡ ፈንታ መመለስ ነው። የተሾመው ዓለምሰገድ የሚባል ድምፀ መረዋ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ግድቡ ላይ ይወጣል፣ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ "ግድባችን ደህና ነው!" ይላል። ከታች ያለው ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን!" ይላል። በቃ፣ ሥራው አለቀ፤ እስከ ነገ ዕረፍት ነው።

ለዚህ ለከባድ ሥራው ቢሮ አስፈለገው። ሜዳ የሆነ፣ ነፋሻ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ፈለገ። በግድቡ ዙሪያ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ማስተንፈሻው። እዚያው መሀሉ ላይ ሠራው። ወንበሩንም ውሃው በሚወጣበት በኩል አዞረው፤ ነፋሱ ደስ ይላል ብሎ።

አንድም ሰው አልተናገረም እንዳትሉ። ቢሻው የሚባል አህያ ነጂ ነበር። አንድ ጠዋት አህዮቹን ይዞ በግድቡ ሲሻገር "እዚህ ጋ ተሰንጥቋል እኮ!" አለ። ተይዞ አፈ ግድብ ፊት ቀረበ። አፈ ግድብ ጢሙን እያሻሸ አሰበና ፈረደ፦ "ግድቡ ስንጥቅ የለበትም። አንተ ግን ስንጥቅ አይቻለሁ ብለሃል። እንግዲያው ስንጥቁ የግድቡ አይደለም፤ ያንተ ነው።" ይኸው ፍርድ ሕግ ሆኖ ቀረ። ስንጥቅ ያየ ሰው የስንጥቁ አባት ነው፤ ስም ያወጣለታል፣ ድግስ ይደግስለታል፣ ለጥፋቱም ይጠየቅለታል። ስንጥቁ በሰፋ ቁጥር ቢሻው ይጠራና በአደባባይ ይወቀሳል። "ልጅህን ለምን አትቆጣውም? አሳዳጊ የበደለው!" ይሉታል። ምስኪን ቢሻው አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዕድሜው ነው፣ ሲያድግ ይተዋል" ይላል።

ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው ግድቡን የሚሻገረው ሰማይ ሰማይ እያየ ሆነ። ማን የስንጥቅ አባት መሆን ይፈልጋል? መሀል ላይ ግንባር ለግንባር ሲጋጩ "ይቅርታ፣ ደመናውን እያየሁ ነበር" ይባባላሉ። አንድ መሪጌታ ከነጃንጥላቸው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሲያወጧቸውም ሰማዩን እያዩ ነበር። አትሳቁ። አንገት ያማል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ ማግስት፣ ደብሪቱ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ ውሃ ረገጠ። ውሃውን ተከትላ በጓሮ ወጣች። ከማሳዋ ዳር አልፎ፣ ከግድቡ እግር ሥር፣ ከድንጋዮቹ መሀል ይንጠባጠባል። አየችው። ወዲያው ሕጉ ትዝ አላትና ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ግን ያዩትን ነገር መልሶ አለማየት እንዴት ይቻላል? ነጠላዋን አጣፍታ አፈ ግድብ ዘንድ ሄደች።

"ክቡር አፈ ግድብ፣ ቤቴ ውሃ ገብቷል" አለችው።

"ከየት መጣ?"

ደብሪቱ የቢሻው ልጅ ትዝ አላት። "ከየት እንደመጣ እንጃ። የት እንደገባ ግን አውቃለሁ።"

አፈ ግድብ ተነሥቶ ሄደ፣ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። "ጠይቄዋለሁ። ደህና ነኝ ይላል።"

"እሱስ ደህና ይሁን! አልጋዬ ሥር የተኛው ውሃ የማን ነው ታዲያ?"

"ቤቱ የማን ነው?"

"የኔ ነዋ!"

"እንግዲያው ውሃውም ያንቺ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ምንጭ ፈልቆልሻል!"

ቀልዱን መስሏት ነበር። እሱ ግን አልቀለደም። በሳምንቱ ሹማምንት ካባቸውን ደርበው ምንጩን ሊመርቁ መጡ። ከአልጋዋ እግር እስከ ምሰሶው ሪባን ተወጠረ፣ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከውሃው እየቀዱ ቀመሱ። "አፈር አፈር ይላል" አለ አንዱ። "ማዕድን ነው" አለ ሌላው። ደብሪቱም ምንጩ በቤትሽ ስለፈለቀ ደጋሿ አንቺ ነሽ ተብላ ያሏትን ሁለት ዶሮዎች አርዳ አበላቻቸው። ከንፈሯን ነክሳ ነው ያበላችው።

እዚህ ላይ ስለ ካባ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ካባ የሚያለብሱት ጌታው ራሳቸው ናቸው። ካባ የለበሰ ባለበት ደግሞ ካባ የሌለው ሰው አይቀመጥም፤ ነውር ነው፣ ወንጀልም ነው። አፈ ግድብ ካባ አልነበረውም። አንድ ጊዜ ጋቢውን ዙሪያውን ጥልፍ አስጠልፎ ካባ አስመስሎ ቢደርበው ጌታው አዩትና "ምነው፣ በረደህ እንዴ?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልሞከረም። በዚያ የምረቃ ቀን ሹማምንቱ ተቀምጠው ዶሮ ሲበሉ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩን እየቀያየረ ቆሞ ዋለ። ደብሪቱ ወጥ እየጨመረች አየችው። አይታም አልረሳችውም።

ሹማምንቱ ሲሄዱ "የምንጩ ሹም" ብለው ሾመዋት ሄዱ። ሹመቱ ውሃውን አላደረቀውም። እንዲያውም ጨመረ። ደብሪቱ ወለሏን ቆፍራ ውሃውን በበሩ አስወጣችው፤ አልጋዋን በድንጋይ ከፍ አደረገች፤ ነጭ ሽንኩርቷ ግን ከሥሩ በሰበሰ። የቤቱ ግድግዳ ከታች መላጥ ጀመረ። በጋውን እንዲህ እየታገለች አሳለፈችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሻው ከአህዮቹ ጋር ሲያልፍ ምሰሶውን ተደግፋ ስታለቅስ አገኛት። ደብሪቱ ስታለቅስ ማንም አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሰውየው ደነገጠ።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ምነው ለቀሽ ብትወጪ? የሚመጣው ክረምት አይምርሽም።"

"ይህን ምሰሶ ማን እንዳቆመው ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ዝም ማለት ግን አልሆነለትም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች" አለ። "ይኸው እኔ አልደበቅሁም፤ በሽታውን ልጅህ ነው አሉኝ። ምን ይሻላል?"

ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "አንተ ቢሻው፣ ያ አፈ ግድብ የምረቃው ቀን ቆሞ ሲውል አይተኸዋል?" አለችው።

"አይቼዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር።"

ደብሪቱ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አልነገረችውም።

የምስጋና ቀን ደረሰ። ክረምቱ ሊገባ ሆኗል፤ ውሃው ጎድሎ የግድቡ ደረት እስከ እምብርቱ ተገልጧል፤ የቢሻውም ልጅ አድጎ ከወዲያኛው ጫፍ ደርሷል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሰማዩን እያየ ተሰበሰበ። ጌታው በድንኳን ተቀመጡ። በዚያ ቀን ሹማምንት ሁሉ ለግድቡ አንዳንድ ክብር ያቀርባሉ። አንዱ "ልደቱ ይከበርለት" አለ። አንዱ "በስሙ አንድ ሌላ ግድብ ይሰየምለት" አለ። የምንጩ ሹም ተራ ደረሰና ደብሪቱ ወደ ፊት ወጣች።

"ጌታዬ፣" አለች፣ "ያን ሁሉ ውሃ ሌት ተቀን በደረቱ ይዞ የሚያድር፣ ደመወዝ አልጠየቀ፣ ዕረፍት አልጠየቀ፣ እንደዚህ ያለ ሌላ አገልጋይ አለዎት?"

ጌታው አሰቡ። ዙሪያቸውን የቆሙትን አዩ። "የለኝም" አሉ።

"ከእሱ በታች የሠራው ሁሉ ካባ ለብሷል። እሱ ብቻ ራቁቱን ቆሟል። እንግዳ ቢያየው ምን ይላል? እኔስ ሴት ነኝ፣ በዚህ ባለፍሁ ቁጥር አፍራለሁ።"

ጌታው ሆዳቸው ባባ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እውነትሽን ነው! ካባ ይደረብለት!"

ሸማኔዎቹ ደነገጡ። ለአንድ ሙሉ ግድብ የሚበቃ ካባ ማን ሊሸምን ነው? ደብሪቱ ግን ገና አልጨረሰችም። "ሐር እንዳይባል ውሃ ይበላዋል። የጥቁር ዋልካ አፈር ካባ ነው የሚያምርበት። ጥሩ አድርጎ በእግር ይቦካል፣ በደረቱ ይለበጣል። እንዲስማማውም እየተጨፈረ ይረገጣል። ያለ ጭፈራ ካባ ሲለበስ የት ታይቶ ያውቃል?"

አፈ ግድብ ነገሩ ገባው። "ጌታዬ! ይኼ እኮ ጥገ..." ብሎ ጀመረና ምላሱ ላይ ቀጥ አለበት።

ጌታው ዞረው አዩት። "ምን ልትል ነበር?"

"ጥ... ጥሩ ሐሳብ ነው ልል ነበር፣ ጌታዬ።"

ሕዝቡ ጭቃ ከነካ ስንት ዘመኑ! መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። እሳቸው ሲገቡ ሁሉም ገባ። እግር የሚያውቀውን ነገር አይረሳም። አቦኩ፣ ተሸከሙ፣ ለበጡ፣ ከበሮው እየተመታ እየጨፈሩ ረገጡት። "ካባ ያምርብሃል፣ ካባ ያምርብሃል" ይላሉ፤ ስንጥቁን እየደፈኑ ነው እንግዲህ። ጌታው በደስታ ያጨበጭባሉ። የቢሻው ልጅ ከነክፉ አመሉ ካባው ሥር ገብቶ ተኛ። ቢሻው ልጁን እንደዳረ አባት ነበር የሚጨፍረው።

ሲመሽ፣ ካባው አልቆ ሲያበራ፣ አፈ ግድብ ደክሞት ማስተንፈሻው ውስጥ ወዳለው ቢሮው ገባና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ውይ፣ ክቡር አፈ ግድብ!" አለች ደብሪቱ፣ ጌታው እንዲሰሙ አድርጋ። "ካባ በለበሰ ፊት ይቀመጣሉ እንዴ?"

ጌታው አፈ ግድብን አዩ፣ ግድቡን አዩ፣ ካባውን አዩ። አፈ ግድብ ብድግ አለ። በማግስቱም ቆሞ ዋለ፤ በሠልስቱም ቆሞ ዋለ። ግድቡ ካባውን አውልቆ የትም አይሄድ! ቆሞ የሚዋልበት ቢሮ ምን ቢሮ ነው? ሳምንት ሳይሞላው ቢሮውን አስፈርሶ ግድቡ ወደማይታይበት ከኮረብታው ጀርባ አዛወረው። ማስተንፈሻው ባዶውን ቀረ።

ክረምቱ መጣ። ምን ዓይነት ክረምት! ወንዙ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ወረደ፤ ግድቡ ሞላ፤ የተረፈውም ውሃ የአፈ ግድብ ወንበር በነበረበት በኩል እያጓራ በጎን ወጣ። ግድቡ ንቅንቅ አላለም። የደብሪቱ ወለል ደረቀ። አቧራ ሲነሣበት አየችና በደስታ እልል አለች፤ ምሰሶውን አቅፋ ሳመችው። እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ደስ ባለኝ።

ክረምቱ ሲያልፍ ጌታው መጡ። "በየአገሩ ስንቱ ግድብ ሲደረመስ የእኛ ጸና። ማን ነው ያጸናው?" አሉ።

አፈ ግድብ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አለ። "ጌታዬ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል ደህና ነው ስል ከረምሁ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ!"

"ቃልህ ነው ያጸናው!" አሉ ጌታው፤ እዚያው በአደባባይ ካባ አለበሱት።

ካባ የለበሰ ሰው እንግዲህ የትም መቀመጥ ይችላል። አፈ ግድብ ወደ ማስተንፈሻው ተመለሰ። እንደ ድሮው ያለ ቢሮ ለባለካባ አይመጥንም ተብሎ በድንጋይና በኖራ፣ ባለ ፎቅ ተደርጎ ተሠራለት። ለውሃው የቀረችውንም ቀዳዳ በረንዳው ዘጋት።

የሚቀጥለው የምስጋና ቀን ሲደርስ ካባው በፀሐይ ደርቆ፣ በውሃ ተሸርሽሮ፣ የቢሻው ልጅ ደግሞ አንገቱን ብቅ አድርጎ ነበር። ደብሪቱ ወደ ፊት ወጣች። "ጌታዬ፣ የግድባችን ካባ ቢታደስለትስ?"

ጌታው ፊታቸውን ቋጠሩ። "የሚታደስ የተቀደደ ነገር ነው። በእኔ ዘመን የተቀደደ ካባ አለ?"

ሁሉም እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። የማንም እጅ ጭቃ አልነካም ነበር፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ደብሪቱ ሕዝቡን ዞር ብላ አየችና ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አፈ ግድብ ፎቁ ላይ ወጥቶ፣ ካባውን አስተካክሎ፣ "ግድባችን ደህና ነው!" አለ። ከታች መልስ አልመጣም። የሚሰማው የዶማ ድምፅ ነው። ደብሪቱ በሯን ነቅላ አጥሩ ላይ አስደግፋለች፤ አሁን ደግሞ የምሰሶውን ሥር እየቆፈረች ነው። ላቧና እንባዋ ተቀላቅሏል። ቢሻው አህዮቹን አቁሞ አያት።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ወዴት ነው?"

"ወደ ዳገቱ።"

"ምን ሰምተሽ?"

"አልሰማኸውም እንዴ? ደህና ነው እያለ እኮ ነው!"

ቢሻው ጭነቱን ከአህዮቹ ላይ አራግፎ ምሰሶውን በአንድ በኩል ያዘ። የባሏን ምሰሶ ሁለቱ ነቅለው፣ በገመድ አሥረው፣ በአህያ እየጎተቱ ዳገቱን ያዙት። ጎረቤት አየ። "ደብሪቱ ምን ሰምታ ነው?" "ደህና ነው ሲል ሰምታ ነው።" "ውይ በሞትኩት!" ይህን ያለ ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጠ። ድስት ተሰበሰበ፣ አልጋ ተሸከሙ፣ ዶሮ ታሰረ፣ ሽማግሌ በቃሬዛ ወጣ።

አፈ ግድብ ከፎቁ ላይ ሆኖ ያያል። "ደህና ነው እኮ!" ይላል። ሰው ፍጥነቱን ጨመረ። "በጣም ደህና ነው! እንዲህ ደህና ሆኖም አያውቅ!" ይኼኔማ የቀረው ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ሮጠ። ማታ ላይ ከግድቡ ሥር አንድ ሰው አልነበረም። እሱ ብቻ ካባውን ደርቦ፣ ማስተንፈሻው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"ግድቡስ ምን ሆነ?" ትሉኝ ይሆናል። የዚያን አገር ግድብ ዳገቱ ላይ ያሉትን ጠይቁ። እኔ ዛሬ ጠዋት የጠየቅሁት ስለ እኛው ነው፤ ደህና ነው ብለውኛል። በሉ እንግዲህ ተነሡ፣ ያን ምሰሶ በወዲያ በኩል ያዙልኝ።